ከምቱ ዘግይቶ የሚመጣው ድምፅ፦ የጃዝ ድምፃዊን የመጀመሪያ አልበም እንዴት እንስማው?

የአሜሪካዊውን የጃዝ ድምፃዊ የግሪጎሪ ፖርተርን የመጀመሪያ አልበም የሰማሁት ማታ፣ መብራት አጥፍቼ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነበር። ሰውዬውን አላውቀውም። ፒያኖ ጀመረ። ቀጥሎ ወፈር ያለ፣ ሞቅ ያለ የወንድ ድምፅ ገባ። አሁን ድራሙ ይመጣል፣ አሁን ቤዙ ይመጣል እያልኩ ጠበቅኩ። አልመጡም። ዘፈኑ በፒያኖና በድምፅ ብቻ ተጀምሮ በዚያው አለቀ።

እንዲህ ያለ አከፋፈት ድፍረት ይጠይቃል። ማንም የማያውቅህ ዘፋኝ ነህ። የመጀመሪያ አልበምህ ነው። የመጀመሪያውን ዘፈን ግጥሙንም ዜማውንም ራስህ ነህ የጻፍከው። ከጎንህ ደግሞ አንድ ፒያኖ ብቻ አለ። የሚሸፍንህ ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ የጃዝ ድምፃውያንን የመጀመሪያ አልበም እየፈለግኩ እሰማለሁ። በተለይ የራሳቸውን ዘፈን የሚጽፉትን። ለወዳጆቼ ስልክላቸው ደግሞ የሚመጣልኝ መልስ ተመሳሳይ ነው። «ዘፋኙ ከሙዚቃው ጋር አይሄድም እኮ።» «መሀል ላይ መሣሪያው ብቻውን በጣም ቆየ።» «ጀማሪ ነው እንዴ?» ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልስም አላቸው። ጃዝን ከበድ ያደረገብን አንዱ ነገር እነዚህን ጥያቄዎች ቁጭ ብሎ የሚያስረዳን ሰው ማጣታችን ይመስለኛል።

የራሱን ዘፈን መጻፉ ምን ያስደንቃል?

በሌላው የሙዚቃ ዓይነት አያስደንቅም። ጃዝ ግን ለረጅም ጊዜ የኖረው በጋራ ዘፈኖች ነው። እነዚህ ዘፈኖች «ስታንዳርድ» ይባላሉ። ብዙዎቹ ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ባሉት ዓመታት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለኒው ዮርኩ ብሮድዌይ የሙዚቃ ትያትርና ለአሜሪካ ፊልሞች የተጻፉ ናቸው። የጃዝ ተጫዋች ሆኖ ከእነሱ ብዙዎቹን በቃሉ የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል። ተያይተው የማያውቁ አራት ሙዚቀኞች አንድ መድረክ ላይ ቢገናኙ የዘፈኑን ስም ተነጋግረው፣ በየትኛው ድምፅ እንደሚጀምሩ ተስማምተው፣ ወዲያው መጫወት ይችላሉ።

ስታንዳርድን እንደ ተረት አስቡት። ተረቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጅቡ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ልጅ የለም። ሰው የሚሰበሰበው አተራረኩን ሊሰማ ነው። ኤላ ፊትዝጄራልድ ከ1956 እስከ 1964 ድረስ የታላላቅ ደራሲዎችን ዘፈን በየደራሲው ለይታ ስምንት ስብስቦች አውጥታለች። ስብስቦቹ የተሠሩት በሌሎች ሰዎች ብዕር ነው። ይህን እንደ ጉድለት የቆጠረባት የለም፤ የጃዝ ድምፃዊ ዋና ሥራ ተደርጎ የሚታየው መተረኩ ነበርና።

የራሷን ዘፈን የጻፈች ድምፃዊት ግን ማንም ሰምቶት የማያውቅ ተረት ይዛ ነው የምትመጣው። አድማጩ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይመዝናል፤ ተረቱ ራሱ ጥሩ ነው ወይ? አተራረኳስ? ስታንዳርድ ስትዘፍን ከሌላው ዘፋኝ ጋር የምናወዳድርበት መስፈሪያ አለን። በራሷ ዘፈን ላይ መስፈሪያው የለም።

መንገዱን ከከፈቱት አንዷ ቢሊ ሆሊደይ ናት። በ1939 የራሷን ብሉዝ፣ ማለትም የጥቁር አሜሪካውያንን የትካዜ ዘፈን፣ ቀርፃለች፤ በ1941 ደግሞ ከአርተር ኸርዞግ ጋር የጻፈችውን «ጎድ ብለስ ዘ ቻይልድ» ቀረፀች። ይህ ዘፈን ዛሬ ራሱ ስታንዳርድ ሆኗል፤ በየትውልዱ ያሉ ዘፋኞች ያነሱታል። ለሌሎች ግን ጊዜ ወስዷል። አቢ ሊንከን በ1956 የመጀመሪያ አልበሟን ስትቀርፅ የዘፈነችው የሌሎችን ዘፈን ነበር። በራሷ ግጥምና ዜማ ጎልታ የታወቀችው ዕድሜዋ ከስድሳ ካለፈ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ነው።

የመጀመሪያ አልበም ማለት ጀማሪ ማለት ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፖርተር የመጀመሪያ አልበሙን በ2010 ሲያወጣ 38 ዓመቱ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባው በአሜሪካ እግር ኳስ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ነው። ትከሻው ተጎዳና ጨዋታው ቀረ። ኋላ ብሩክሊን ውስጥ በወንድሙ ካፌ በምግብ አብሳይነት ሠርቷል፤ እየዘፈነም ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው አልበሙ የመጣው። «ጀማሪ ነው እንዴ?» ላለኝ ወዳጄ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ለእኛ አዲስ ነው እንጂ ለሙዚቃው አዲስ አይደለም።

የኒና ሲሞን ታሪክ ይህን ከሁሉም በላይ ያሳያል። ከልጅነቷ የክላሲካል ፒያኖ ተማሪ ነበረች። በ1951 ፊላደልፊያ በሚገኘው የከርቲስ የሙዚቃ ተቋም ለመማር አመልክታ ተቀባይነት አላገኘችም። በ1954 አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ በአንድ ቡና ቤት ፒያኖ ለመጫወት ተቀጠረች። የቤቱ ባለቤት «ካልዘፈንሽ ሥራ የለም» አላት። መዝፈን የጀመረችው እንጀራ ሆኖባት ነው። ሌሊት ሌሊት እየተጫወተች ቆይታ በ1957 መጨረሻ ኒው ዮርክ ስቱዲዮ ገባች። አብረዋት የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ በቤዝ ጂሚ ቦንድ፣ በድራም አልበርት ሂዝ።

ከዚያ አልበም «ሊትል ገርል ብሉ»ን ክፈቱት። መግቢያው ላይ ፒያኖው የሚጫወተው የዘፈኑን ዜማ አይደለም። «ጉድ ኪንግ ዌንሰስላስ» የሚባለውን የእንግሊዝ የገና መዝሙር ነው። ከዚያ ድምፅዋ በፍቅር ዘፈኑ ይገባል፤ መዝሙሩ ግን ከሥሩ መሄዱን አያቆምም። ሁለት የተለያዩ ዜማዎች እኩል ይራመዳሉ፤ አንዱ በጣት፣ አንዱ በጉሮሮ። አይጋጩም። ይህ ከክላሲካል ትምህርቷ የመጣ ጥበብ ነው፤ የጀርመናዊውን የክላሲካል ደራሲ የባኽን ሥራ ስትጫወት ነው እጇ የለመደው። በሩን የዘጋባትን ዓለም ትምህርት ይዛ መጥታ ቡና ቤት በለመደችው ዘፈን ውስጥ አስቀመጠችው። በሰማሁት ቁጥር ደረቴን ይነካኛል። ጀማሪ ይህን አይሠራም።

በነገራችን ላይ «አልበም» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከፎቶ አልበም ነው። የድሮው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነበር። ስለዚህ ብዙ ሸክላዎች እንደ መጽሐፍ በተጠረዘ መያዣ ይሸጡ ነበር። በ1948 በአንድ ገጽ ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚይዘው ሸክላ ሲመጣም ስሙ ሳይለወጥ ቀጠለ። ዘፈኖችን በቅደም ተከተል አሰናድቶ አንድ ሙሉ ነገር ማድረግም አብሮ ተለመደ።

ድምፁ ለምን ከምቱ ይዘገያል?

«ዘፋኙ ከሙዚቃው ጋር አይሄድም» የሚባለው ይሄ ነው። ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው።

ሰው ሲያወራ አድምጡ። «እኔ... እሱን ነገር... አልረሳውም» ሲል ቃላቱን እኩል እኩል አይጥላቸውም። የሚከብደውን ቃል ከማውጣቱ በፊት ትንሽ ይይዘዋል። ቀላሉን ቶሎ ይለቀዋል። የጃዝ ድምፃዊ የሚያደርገው ይህንን ነው። ቤዙና ድራሙ የሰዓት ያህል ሳያዛንፉ ይቆጥራሉ። ድምፁ በእነሱ ላይ እንደ ንግግር ይንሳፈፋል፤ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ይቀድማል፣ ሐረጉ ሲያልቅ ግን ቦታው ላይ ይገኛል።

አንድ ሙከራ ልስጣችሁ። ዘገም ያለ የጃዝ ዘፈን ክፈቱና በእግራችሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያላችሁ ምቱን ቁጠሩ። አሁን የመጀመሪያው ቃል የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ «አንድ» ላይ አታገኙትም። እግራችሁ ወለሉን ከነካ በኋላ ነው የሚመጣው። ያቺ የቅጽበት ክፍተት አድማጩን ታስጠብቃለች። «አሁን ምን ሊል ነው?» እንላለን፣ ሳናውቀው። በዚህ ጥበብ ሁሉም የሚማሩባት ቢሊ ሆሊደይ ናት። ድምፅዋ ሰፊ አልነበረም፤ በጣም ከፍ፣ በጣም ዝቅ አይልም። ቃል የምታስቀምጥበት ቦታ ግን የሚያስደነግጥ ነው።

ግጥሙን የጻፈው ራሱ ዘፋኙ ሲሆን ጉዳዩ ይበልጥ ይጠነክራል። የትኛው ቃል ከባድ እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለምና። አንድን ቃል ሲያዘገይ ብትሰሙ ወደዚያ ቃል ተጠጉ። ነገሩ ያለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

መሀል ላይ መሣሪያው ብቻውን ምን እየሠራ ነው?

መጀመሪያ የዘፈኑን አሠራር እንይ። ብዙ ስታንዳርዶች 32 የሙዚቃ መስፈሪያዎች (በአብዛኛው አራት አራት ምት የያዙ ቁራጮች) አሏቸው፤ በየስምንቱ ተከፍለው አራት ክፍል ይሆናሉ። አራት ክፍል ያለው ቤት በሉት። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ክፍል አንድ ዓይነት ናቸው። ሦስተኛው ብቻ ይለያል፤ መስኮቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይከፈታል። ይህ ክፍል «ድልድይ» ይባላል።

ዘፋኙ አራቱንም ክፍል አስጎብኝቶን ሲወጣ ፒያኒስቱ ወይም ሳክስፎኒስቱ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። በእነዚያው ክፍሎች፣ በዚያው ቅደም ተከተል ይዞራል። ዜማውን ግን እዚያው በዚያው አዲስ ይፈጥራል። ሶሎ የምንለው ይህን ነው። ማረጋገጥ ትችላላችሁ፤ ሶሎው እየሄደ የዘፈኑን ዜማ በልባችሁ አንጎራጉሩ። ልክ ይገጥማል። ድልድዩ ላይ ስትደርሱ ሶሎው አብሮ ቀለሙን ሲቀይር ትሰማላችሁ። ይህን አንድ ጊዜ የያዘ ጆሮ ሶሎ ረዘመ ብሎ አያማርርም።

ለአዲስ ዘፈን ደራሲ ትልቁ ፈተና ያለው እዚህ ነው። ዘፈኑ ራሱ ዘፋኙ ወጥቶም ባዶ እንዳይሆን ቤቱ መቆም አለበት። የዘፈን ደራሲዎቹ የገርሽዊን ወንድማማቾች በ1930 ያወጡት «አይ ጋት ሪዝም» ለምሳሌ፣ አጽሙ ጠንካራ ከመሆኑ የተነሳ የጃዝ ሙዚቀኞች በላዩ ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው አዲስ ዜማ ሠርተውበታል። የዛሬ ጸሐፊ ዘፋኞች የ32ቱን ቤት ብዙ ጊዜ ይተዉታል። ክፍሎቹን ያበዛሉ፣ አዝማች ያስገባሉ፣ ከብሉዝና ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይዋሳሉ። ፈተናው ግን አልተለወጠም። ፖርተር በመጀመሪያ አልበሙ ውስጥ የራሱን ዘፈኖች «ስካይላርክ»ን ከመሰለ የ1940ዎቹ ስታንዳርድ ጎን አስቀምጧቸዋል። በራስ መተማመን ነው። አጠገቡ ታላቅ ዘፈን ያኖረ ሰው የራሴም ይቆማል ማለቱ ነው።

ስቱዲዮ ውስጥስ?

ብዙ የጃዝ አልበሞች የሚቀረፁት ሙዚቀኞቹ አንድ ላይ ሆነው፣ እየተያዩ እየተጫወቱ ነው። አንድ ዘፈን ሁለት ሦስቴ ይሞከርና ሕይወት ያለው ይመረጣል። ትንሽ ስህተት ቢኖረውም አይጣልም። የዘፋኙን ትንፋሽ፣ የቤዙን ክር የሚነካ ጣት የምንሰማው ለዚህ ነው።

የኖራ ጆንስ የመጀመሪያ አልበም ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብሉ ኖት ከሚባለው የጃዝ ሙዚቃ ኩባንያ ጋር ስትፈራረም መጀመሪያ የተሠሩት ቀለል ያሉ የሙከራ ቅጂዎች ነበሩ። ከዚያ ከአንድ ፕሮዲውሰር ጋር ሙሉ አልበም ተቀረፀ። ፕሮዲውሰር ማለት ቀረፃውን የሚመራ፣ የትኛው ድምፅ ይቅረብ፣ የትኛው ይራቅ የሚል ሰው ነው። የኩባንያው ኃላፊ ብሩስ ለንድቫል ሲሰማው የሙከራ ቅጂዎቹ ላይ የነበረው ቅርበት ጠፋበት። አሪፍ ማርዲን የሚባል ሌላ ፕሮዲውሰር ተጠርቶ ብዙው እንደገና ተሠራ። በየካቲት 2002 የወጣው ያ አልበም ከ27 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ጆንስ ያኔ 22 ዓመቷ ነበር። ማስተካከል ማለት ሁልጊዜ መጨመር አይደለም፤ እዚህ ላይ የተፈለገው መቀነስ ነበር።

ዘፈኑ የማን ነው? ገንዘቡስ?

አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። አንዱ ድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ሌላው ቅጂው ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረፀው ድምፅ። ድርሰቱን የቤት ፕላን፣ ቅጂውን የተሠራው ቤት አድርጋችሁ ውሰዱት። በአንድ ፕላን መቶ ቤት ሊሠራ ይችላል። በአሜሪካ ሕግ አንድ ዘፈን ተቀርፆ ከወጣ በኋላ ማንም ሰው የተወሰነውን ክፍያ እየከፈለ እንደገና ሊቀርፀው ይችላል። መደበኛ ሬዲዮ ሲያጫውተው ደግሞ የሚከፈለው ለደራሲው ነው፤ ለዘፈነው ሰው አይከፈልም። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል።

የግራሚ ሽልማትም ይህን ልዩነት ይጠብቃል። በ2003 የኖራ ጆንስ «ዶንት ኖው ዋይ» ሁለት ትልልቅ ሽልማቶችን ወሰደ። ለቅጂው የተሰጠውን እሷና ማርዲንን ጨምሮ ቀረፃውን የሠሩት ሰዎች ተቀበሉ። ለድርሰቱ የተሰጠውን ግን ዘፈኑን የጻፈው ጄሲ ሃሪስ ተቀበለ።

ወደ ኒና ሲሞን ልመለስ። ለመጀመሪያ አልበሟ መብቷን በ3,000 ዶላር ሸጠች። ሠላሳ ዓመት አለፈ። በ1987 በዚያ አልበም ውስጥ ያለው «ማይ ቤቢ ጀስት ኬርስ ፎር ሚ» ብሪታንያ ውስጥ ለአንድ ሽቶ ማስታወቂያ ዋለና በአገሪቱ የሽያጭ ሰንጠረዥ 5ኛ ደረጃ ደረሰ። ድምፁ የእሷ ነው። ፒያኖውም የእሷ ጣት ነው። የቅጂው መብት ግን የእሷ አልነበረም። ድርሰቱም በ1930 በሌሎች ሰዎች የተጻፈ ነው። ሁለቱም ገመድ ከእጇ ውጭ ነበር። ይህን ካወቅኩ ጀምሮ አንድ ወጣት ድምፃዊ የመጀመሪያ አልበሙ ላይ «ግጥምና ዜማ» በሚለው ቦታ የራሱን ስም ሳይ ደስታዬ ሌላ ነው። ቅጂውን ቢያጣ እንኳ አንዱ ገመድ ይቀርለታል።

እንዲህ ያሉትን አልበሞች የት ላግኝ?

መተግበሪያው የሚመርጥልህን ብቻ ብትሰማ አንድ ቦታ ትዞራለህ። እኔ የማደርገው የተጫዋቾችን ስም መከተል ነው። የወደዳችሁት አልበም ላይ ፒያኒስቱ ማን ነው? ድራመሩስ? ስማቸውን ፈልጉና ከማን ጋር እንደሠሩ እዩ። ጥሩ ፒያኒስት ከደካማ ዘፋኝ ጋር ብዙ አይቆይም። አንድ ስም ወደ አምስት አልበም ይወስዳችኋል።

የድምፅ ውድድሮችም ይጠቅማሉ። ሳማራ ጆይ በ2019 በጃዝ ድምፃዊቷ በሳራ ቮን ስም የሚካሄደውን ዓለም አቀፍ ውድድር አሸነፈች፤ በ2021 የመጀመሪያ አልበሟን አወጣች፤ በ2023 የግራሚን የምርጥ አዲስ አርቲስት ሽልማት ወሰደች። በራሳቸው ወጪ የሚያወጡትንም አትለፏቸው። ሜሎዲ ጋርዶት ገና በወጣትነቷ ብስክሌት ላይ ሳለች መኪና ገጭቷት ክፉኛ ተጎዳች። ከአደጋው ስታገግም ሙዚቃ የሕክምናዋ አካል ሆነ። የመጀመሪያ አልበሟን በ2006 በራሷ አወጣች፤ በ2008 ቨርቭ የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ እንደገና አሳተመው። በመሀል የነበሩት ዓመታት ውስጥ ያገኟት አድማጮች በጣም ዕድለኞች ናቸው።

ካገኛችሁት በኋላ አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተሉ ስሙት። በአንድ ጊዜ አይገባም፤ አይግባም። አንድ ቀን ቃሉን ብቻ ስሙ። ሌላ ቀን ቤዙን ብቻ ተከተሉ፤ ቤዙን የተከተለ ሰው በዘፈኑ ውስጥ አይጠፋም።

የፖርተርን አልበም ያን ማታ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከመጀመሪያው ዘፈን በኋላ ድራሙም፣ ቤዙም፣ ነፋስ መሣሪያዎቹም መጥተዋል። መጨረሻ ላይ ያለው «ፊሊንግ ጉድ» ነው፤ ኒና ሲሞን በ1965 ያወጣችው፣ ዓለም በእሷ ድምፅ የሚያውቀው ዘፈን። ፒያኖውን ጠበቅኩት። እሱም አልመጣም። ድምፁ ብቻውን ነበር።